ካህን የሌለበት እሑድ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመግባት ቢያንስ አምስት አገልጋይ ያስፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በላቲን ሥርዓት ለሚቀድስ የካቶሊክ ቁምስና አንድ ካህን ይበቃዋል። ወላይታ ገጠር ውስጥ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። አምስት የሚያስፈልገው የኦርቶዶክስ ደብር ብዙውን ጊዜ አምስቱንም እዚያው አካባቢ ያገኛቸዋል፤ ቄሱ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እንደ ጎረቤቱ እንሰት ተክሎ የሚኖር የመንደሩ ሰው ነው። አንድ የሚበቃው የካቶሊክ ጸሎት ቤት ያንኑ አንዱን በወር አንዴ ካየ ዕድለኛ ነው፤ ክረምት ገብቶ ቀዩ ጭቃ ሞተር ሳይክል አላሳልፍ ካለ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የካቶሊኩ ካህን ሚስት ሳያገባ የሚኖር፣ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ለዓመታት የተማረ፣ ጳጳሱ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚመድበው ሰው ነውና እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የገጠሩ ካቶሊክ አብዛኛው እሑድ የሚያልፈው ካህን ሳይኖር ነው። ስለ ወላይታ ካቶሊኮች ሲወራ የሚነሣው ግን ሚሲዮኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የዱቦ ሆስፒታል፣ ጳጳሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ባዶ የሚመስለው እሑድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነበር። ከመቶ 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከ5 ጥቂት ከፍ የሚለው ካቶሊክ ነኝ ብሏል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ሕዝብ አንድ ቦታ የሰፈረ አይደለም። ወላይታ በአገሪቱ እጅግ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ስለሆነ ካቶሊኩ በእንሰቱና በበቆሎው መካከል፣ ፕሮቴስታንት፣ የቃለ ሕይወት አማኝ ከሆነው ወንድሙ ጋር በአጥር ተዋስኖ፣ ከኦርቶዶክሷ አማቱ ጋር ደጅ ለደጅ ሆኖ ነው የሚኖረው። ቁምስና የሚባለውም አንድ ዋና ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የተበተኑ በርካታ ጸሎት ቤቶች ናቸው። የአካባቢው ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት የሐዋርያዊ ቪካሪያት መንበር ሶዶ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በሆሳዕና ስም የተቋቋመው አስተዳደር በኋላ ሶዶ-ሆሳዕና ተብሎ ቆይቶ በ2010 ለሁለት ሲከፈል ሶዶ ለብቻዋ ቆመች። የከተማው ካቶሊክ ካህን አያጣም። ከዳሞታ ተራራ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ርቆ የሚኖረው ነው ጉዳዩ የሚመለከተው።

የጸሎት ቤቱ ግድግዳ የጭቃ ምርጊት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ አንድ ልጅ በብረት ይመታዋል። በዚያው ሰዓት ከጉብታው በኩል የኦርቶዶክሱ ድምፅ ማጉያ፣ ከታች በኩል የቃለ ሕይወት መዘምራን ኪቦርድ ይሰማል። ሰው ገብቶ ሴቱ በግራ ወንዱ በቀኝ ሲቀመጥ ካቴኪስቱ፣ ሃይማኖት የሚያስተምረውና ጸሎቱን የሚመራው ምእመን፣ ይነሣል። መሠዊያው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ከኋላው ግን የሚቆም የለም። የካቴኪስቱ ቦታ ከጎን ነው። በካህኑ ወንበር አይቀመጥም፤ እጁን ዘርግቶ አይባርክም፤ በረከትን ከሌሎቹ ጋር እኩል አጎንብሶ ይለምናል። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ከሚዞረው መጽሐፈ ምንባብ የዕለቱን ያነባል፣ ያስነብባል፣ በወላይትኛ ያብራራል። ጸሎተ ሃይማኖት ይደገማል፤ ለታመመው፣ አዲስ አበባ ሊስትሮ ሊሠራ ወጥቶ ድምፁ ለጠፋው ልጅ፣ ለዝናቡ ይጸለያል። መባ ይሰበሰባል። ከዚያ ኅብስቱና ወይኑ የሚቀርብበት፣ ቅዳሴን ቅዳሴ የሚያሰኘው ክፍል ላይ ሲደረስ ሥርዓቱ ያንን ሁሉ አልፎ በቀጥታ አቡነ ዘበሰማያት ላይ ያርፋል።

ይህ ዝላይ ነው ለእኔ የነገሩ ሁሉ መነሻ። ሰዎቹ ምን እንደቀረ አሳምረው ያውቃሉ። ካቴኪስቱም ያውቃል፤ በዚያ ቦታ ረዘም ያለ መዝሙር አስገብቶ፣ ወይም ዳቦ ቆርሶ አድሎ ጉድለቱን ሊያደበዝዘው ይችል ነበር። አያደርገውም። ጉድለቱ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል።

እኛ አገር አለቃ ከቦታው ሲታጣ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወይ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» ተብሎ ጉዳያችን ይቆማል፤ ወይ ተወካዩ ማኅተሙን ጨብጦ ከዋናው ይብሳል። ካቴኪስቱ ከሁለቱም አይደለም። ጉዳዩን አያቆምም፤ ማኅተሙንም አይነካም። የሚችለውን ሁሉ ይሠራል፤ የማይችለው ጋ ሲደርስ ማንም ሳይቆጣጠረው እጁን ይሰበስባል። ከመንደሩ ሰው አብዛኛው ፊደል በማይቆጥርበት ዘመን መጽሐፍ አንባቢው እሱ ብቻ ነበር፤ ሥልጣን ሊያካብትበት የሚችለው ነገር ሁሉ በእጁ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን አገልግሎት ያወቀችው ዘግይታ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ ካህን በማይገኝበት ቦታ ጳጳሱ የፈቀደለት ሰው የቃለ እግዚአብሔር ጸሎት እንዲመራ አበረታታ፤ በ1988 ደግሞ ካህን ስለሌለበት እሑድ ራሱን የቻለ መመሪያ ከሮም ወጣ። ወላይታ ውስጥ ነገሩ ከሁለቱም ሰነዶች ቀድሞ ሲሠራበት ኖሯል።

ፈረንሳዊው ካፑቺን አባ ፓስካል ደ ሉሾን ወደ ከምባታና ወላይታ የዘለቁት እ.ኤ.አ. 1930 ግድም፣ ጳጳሱ አቡነ እንድርያስ ጃሮሶ ሐረር ላይ ተቀምጠው በሚያስተዳድሩበት ዘመን ነው። አንድ ነጭ መነኩሴ ሁለት ሕዝብ ሊያዳርስ አይችልም፤ ከመጀመሪያውም ሥራው በአገሬው አስተማሪዎች ትከሻ ላይ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ፈረንሳውያኑ ለጣሊያን ሚሲዮናውያን ቦታ ለቀቁ፤ በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ ደግሞ የጣሊያኖቹ ተራ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል ሕፃናትን ማስተማሩና እሑድን ማስቆጠሩ የወደቀው በካቴኪስቶቹ ላይ ነው። ከጉባኤው በፊት ስለነበረው ጊዜ ሳስብ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። ካህኑ ሲመጣ ቅዳሴው በላቲን ነው፤ ገበሬው ከመንበርከክና ከመነሣት በቀር የሚይዘው አልነበረም። ካህኑ በማይመጣበት እሑድ ግን የሚሰማው የሚገባውን ነው። ምሉዕ የሚባለው እሑድ ባዕድ ነበር፤ ጎደሎው እሑድ የራሱ። ከጉባኤው በኋላ ቅዳሴው ራሱ በሕዝቡ ቋንቋ ሲሆን ሁለቱ እሑዶች ተቀራረቡ፤ ሰውየው ግን ጎደሎውን እሑድ የራሱ ማድረግ ቀድሞ ለምዶታል።

የፕሮቴስታንቱን ታሪክ ጎን ለጎን ሳያኖሩ ስለ ወላይታ ማውራት አይቻልም። ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ገብተው፣ በ1937 በጣሊያን ተባርረው ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ ሰው 48 ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ያህል አማኝ ጠበቃቸው። ይህ ታሪክ በዓለም ዙሪያ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የሚሲዮናዊው መሄድ ለእነዚያ አማኞች ነጻነት ሆነላቸው፤ መጽሐፉ፣ ጸሎቱ፣ ጥምቀቱ፣ ማዕዱ፣ ሁሉም በእጃቸው ነበረ። የካቶሊኩ ነገር ከዚህ ይለያል። ካህኑ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ በጉብዝና፣ በቅንዓት፣ በብዛት የማይተካ። ስለዚህ ካህን የሌለው የካቶሊክ ጸሎት ቤት በጥቂት ዓመታት አሥር ሺህ ሲሆን አንሰማም። የምንሰማው ሌላ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ «ዛሬም አልተሟላም» ብሎ የሚለያይና በሳምንቱ ግን ተመልሶ የሚመጣ ሕዝብ።

ለምን ይመጣል? እዚህ ላይ የሚረዳኝ ከወላይታ እጅግ የራቀ አገር ነው። ጃፓን ውስጥ ክርስትና እ.ኤ.አ. በ1614 በአዋጅ ከታገደ በኋላ ካህናቱ ተገደሉ፣ ተባረሩ፤ በናጋሳኪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ አንድ ካህን እምነታቸውን በሥውር ያዙ። በ1865 ፈረንሳዊው አባ ፔቲዣ በናጋሳኪ አዲስ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሳሉ እነዚሁ ሰዎች መጥተው ማንነታቸውን ገለጡላቸው። በእነዚያ መንደሮች አንዱ ባለ አገልግሎት ሚዙካታ ይባል ነበር፤ ሕፃናትን ያጠምቃል። ሌላው ቾካታ ነው፤ ሥራው የበዓላትን አቆጣጠር መያዝ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ለጎረቤት ማሳወቅ ነው። ቅዳሴ የለም፣ ቁርባን የለም፣ ኑዛዜ የለም፤ የተረፈው አጥማቂና ቀን ቆጣሪ ነው። ሰዎቹ ሁሉን ነገር ሲነጠቁ ያልለቀቁት ጊዜን ነበር።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። አገራችን ስለ ሳምንት ቀናት አበው ጥለዋት እስከ መሰደድ የደረሱባት ምድር ናት፤ አባ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ተከራክረው፣ ተገፍተው፣ አርመን ድረስ ሄደው እዚያው አርፈዋል። ክርክሩ የተቋጨው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲያስወስኑ ነው። አንድ ቀን ይከበር ወይስ ሁለት ብሎ መቶ ዓመት መከራከር ዛሬ ላለ ሰው ትርፍ ነገር ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ሳምንት ፀሐይና ጨረቃ የማይሰጡን የጊዜ መለኪያ ነው። ቀኑን ፀሐይ ታመጣዋለች፣ ወሩን ጨረቃ፣ ዓመቱን ክረምትና በጋ፤ ሰባተኛውን ቀን ግን የሚያመጣው ሰው ብቻ ነው። የሚቆጥረው ካጣ እሑድ የለም።

ወላይታዎች ቀን መቁጠር ለአዋቂ የሚተው ሥራ መሆኑን ከማንም አይማሩም። ዘመን መለወጫቸው ጊፋታ በመስከረም ከሚውሉት እሑዶች በአንዱ ይከበራል፤ የትኛው እሑድ እንደሆነ ጨረቃን ዐይተው የሚያሰሉት ሽማግሌዎች ናቸው። በከተማ የተበተነው ልጅ ሁሉ በዚያ ሰሞን ወደ ቀዬው ይጎርፋል። የካቶሊኩም ቀን መቁጠሪያ ለጎረቤቱ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ፋሲካን ከሮም ጋር ሳይሆን ከኦርቶዶክሱ ወገናቸው ጋር ያከብራሉ። በአንድ አጥር ግቢ ሦስት ሃይማኖት ባለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የትንሣኤ ዶሮ በሁለት የተለያየ እሑድ ቢታረድ ኖሮ ስንት ትዳር ይቸገር እንደነበር አስቡት።

በእሑዶቹ መካከል ያለው ሳምንት ደግሞ የራሱ ሥራ አለው፤ አብዛኛውም የሴቶች ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤተ ክርስቲያን በየሰፈሩ ባሉ ትናንሽ ማኅበራት ላይ እንድትቆም ወስነው ነበር። ከ2007 እስከ 2014 ሶዶን የመሩት ኮሎምቢያዊው ኢየሱሳዊ አቡነ ሮድሪጎ ሜሂያም ከዚያ በፊት ኬንያ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ያስተማሩና የጻፉ ሰው ናቸው። በወላይታ መንደር ውሳኔውን ማንም ላያስታውሰው ይችላል፤ ነገሩ ግን ማታ ማታ ይታያል። አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቤት ይሰበሰባል፤ መቁጠሪያ ይደገማል፤ የፊታችን እሑድ ወንጌል በባትሪ ብርሃን ይነበባል። የቡናው ቅጠል፣ ሀይታ ቱኬው፣ በሚጥሚጣና በዝንጅብል ፈልቶ በቅል ይዞራል። ከዚያ ጨዋታው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ማን ወለደች፣ ማን ታመመ፣ የማን ጥጃ ሞተች። ሆስፒታል የሚወሰድ ካለ ሸክሙን የሚካፈሉት ወጣቶች እዚያው ይመደባሉ። እድሩ ከሦስቱም ሃይማኖት የተውጣጣ ስለሆነ ቀብር ሲኖር ካቴኪስቱ ከቃለ ሕይወቱ ሽማግሌና ከቄሱ ጋር ማን ቀድሞ ይጸልይ የሚለውን ቀስ ብሎ ይደራደራል። እንዲህ ያለው ድርድር ከብዙ የሃይማኖቶች የጋራ ጉባኤ ይልቅ ያስተምረኛል፤ አበል የለውም፣ ባነር የለውም፣ ሬሳውም አይጠብቅም።

አሁን ወደሚያሳፍረው ጥያቄ ልምጣ። ይህን ሁሉ ስል እጥረትን እያስጌጥኩ አይደለምን? የካህን ማነስ የካህን ማነስ ነው። ምሥጢረ ቀንዲል ሳይቀባ የሞተ ሽማግሌ፣ ኑዛዜ ተርቦ የከረመ ሰው፣ ጋብቻው እንዲባረክ ወራት የጠበቀ ሙሽራ አለ። ወጣቱም ቢሆን ታች ያለው ኪቦርድ ይጠራዋል፤ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም አምልኮ እያለ በየሳምንቱ የሚጎድለውን የሚመርጥበት ምክንያት ከአባቱ ሌላ ላይኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአማዞን ጳጳሳት ሮም ላይ ተሰብስበው ተመሳሳይ ችግር አንሥተው ነበር፤ በምግባራቸው የተመሰከረላቸው ባለትዳሮች ክህነት ይቀበሉ የሚል ሐሳብ በብዙ ድምፅ አለፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በየካቲት 2020 ባወጡት መልእክት ነገሩን አላነሡትም። በ2021 ግን የካቴኪስትን አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ መዐርግ አድርገው አቋቋሙ። መልካም ነው፤ ለወላይታ ካቴኪስቶች ዘጠና ዓመት ቢዘገይም። ማዕዱን በተመለከተ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በዚሁ አገር፣ በዚሁ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ለግዕዝ ሥርዓት ምእመናን የምሥራቃውያኑ ሕግ ባለትዳር ካህንን የማይከለክል መሆኑ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ያ ከጎን የሚቆም፣ ስድስት ልጅ ያሳደገ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ወደ መሠዊያው ቢጠጋ አልቃወምም። ሆኖም ነገ ቢሾም የሚቀር ነገር እንዳለም አምናለሁ። ካህን ባለበት ቦታ ምእመን ወደ ተዘጋጀ ነገር ይመጣል፤ መጥቶም፣ አርፍዶም፣ ሳይመጣም ቅዳሴው ይከናወናል። ካህን በሌለበት እሑድ ግን ሰውየው ቢቀር የሚቀረው ጉባኤው ራሱ ነው። አንባቢዋ ካልመጣች ምንባቡ ይስተጓጎላል፤ ቸርኬውን የሚመታው ልጅ ከተኛ ሰው አይሰበሰብም። የገጠር ካቶሊኮች ስለ ጸሎት ቤታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ የምሰማው ኩራት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የሠሩት ቤት ነው፤ የሚጠብቁት እንግዳ ደግሞ አለ። ያለ እንግዳው ቤቱን መክፈት ተምረዋል፤ እንግዳው እንደማያስፈልግ ለራሳቸው ነግረው ግን አያውቁም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። ብዙ ማኅበር አንዱን ይጥላል፤ ወይ ጠባቂ ብቻ ይሆናል፣ ወይ ባለቤት ነኝ ብሎ ያርፈዋል።

አባ የሚመጡበት እሑድ ደግሞ ሌላ ነው። ከማለዳ ጀምሮ የኑዛዜ ሰልፍ አለ፤ የሚጠመቁ ሕፃናት ተጠቅልለው ይጠብቃሉ፤ የተጣሉ ወንድማማቾች የመሬት ክርክር ይዘው መጥተዋል፣ አባ እንዲያስታርቋቸው። ቅዳሴው ላይ ካቴኪስቱ ዘወትር የሚዘለው ቦታ ላይ ሲደረስ ሕፃን የያዘችውም፣ ደጅ የቆመውም ይንበረከካል። ካለቀ በኋላ ቆጮና ዳጣ ይቀርባል፤ አባ ቆመው ይቀምሳሉ፣ ሌላ ጸሎት ቤት ይጠብቃቸዋልና። «የዛሬ ወር ይመጣሉ አይደል አባ?» ትላለች አንዲት እናት። «እግዚአብሔር ካለ፣ መንገዱም ካለ» ይላሉ። ሞተሩ ይነሣል። ሰው ግን አይበተንም፤ ካቴኪስቱ ደብተሩን ገልጦ የቆርቆሮ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም እየጠራ ነው። አንድ አባት ባለፈው ከፍያለሁ ብለው ይቆጣሉ፤ ደብተሩ ላይ የለም ይባላሉ፤ ሚስታቸው አልከፈለም ብላ ትመሰክርባቸዋለች። የሚቀጥለው እሑድ ምንባብ ማን ያንብብ ሲባል ሁለት ወጣቶች እኩል እጅ ያወጣሉ፤ ልጅቷ «አንተ ባለፈውም አንብበሃል፤ ደግሞም ስትጣደፍ አልሰማንህም» ትለዋለች።